የባሕር ደሴቶቹ ነጭ ርግብና የጣናዋ አረንጓዴ ርግብ

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው ባሕር ዳር ላይ እንግዶችን በጀልባ ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱ ሰው ሲሆኑ፣ በሩቅ የባሕር ደሴቶች ላይ የሚኖሩ፣ ሰውነታቸው ነጭ፣ የክንፋቸው ዳር ጥቁር የሆነ ርግቦች የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ፍሬ እንዳለ ሲውጡ የሚያሳይ ምስል ተመልክተዋል። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ማወቅ ፈልገዋል፤ አባታቸው በልጅነታቸው ያጫወቷቸው፣ ማታ ማታ ወደ ክብራን ደሴት ይሻገሩ የነበሩት ነጫጭ ወፎች እነዚህ ይሆኑ እንደሆነ፣ በሐይቁ ዳር ዋርካ ላይ የሚሰፍሩት አረንጓዴ ርግቦች የእነዚህ ዘመድ ስለ መሆናቸው፣ በመጨረሻም ነጮቹን አምጥቶ በጣና ደሴቶች ላይ ቢለቋቸው እየሳሳ የሄደውን ደን ይተክሉልን እንደሆነ ጠይቀዋል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልሱ አጭር ነው። በሦስተኛው ላይ ግን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ጥያቄው ከደኑ ፍቅር የመነጨ ከመሆኑም በላይ፣ መልሱ ብዙ ሰው ወፍን ሲመለከት ጨርሶ በማያስበው በወፏ ሆድ ዕቃ ውስጥ ስለሚገኝ ነው።

በምስሉ ላይ ያዩዋት ርግብ በሳይንሳዊ ስሟ ዱኩላ ቢኮሎር ትባላለች፤ «ቢኮሎር» ባለ ሁለት ቀለም ማለት ነው፤ ስሙንም እ.ኤ.አ. በ1786 የሰጣት ስኮፖሊ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። ርዝመቷ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ከቤት ርግብ በግልጽ የምትተልቅ ወፍ ናት። ነጭነቷ እንደ ታጠበ ነጠላ የነጣ ሳይሆን ቅቤ ጠብ ያለበት ወተት የሚመስል ሲሆን፣ ለበረራ የሚያገለግሉት ረጃጅም የክንፍ ላባዎቿና የጅራቷ ጫፍ ጥቁር ናቸው። የምትኖረው ከሕንድ ይዞታ ከሆኑት ከአንዳማንና ከኒኮባር ደሴቶች ጀምሮ በማሌዥያ፣ በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ አልፎ እስከ ኒው ጊኒ ምዕራባዊ ክፍል ባሉት የባሕር ዳርቻዎችና ትናንሽ ደሴቶች ላይ ነው። በሰሜናዊ አውስትራሊያና በኒው ጊኒ በእጅጉ የምትመስላት እኅት ዝርያ አለች። በአፍሪካ ምድር ላይ ግን የዚህ ወገን ርግብ አንዲትም የለችም፤ ወደ እኛ የቀረቡት ፍሬ በሊታ የደሴት ርግቦች በማዳጋስካር፣ በኮሞሮስና በሲሼልስ ያሉት ሰማያዊ ርግቦች ናቸው።

ስለዚህ አባትዎ ያዩዋቸው ነጫጭ ወፎች እነዚህ ሊሆኑ አይችሉም። አባትዎ ያዩት ግን እውነት ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ድረስ አየዋለሁ። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በከብት እግር ሥር ሲለቅሙ የዋሉት ሳቢሳዎች ተሰብስበው በሐይቁ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ በውኃ ዳርና በደሴት ዛፎች ላይ ለማደር ይሄዳሉ። ከሩቅ ሲታዩ እንደ ርግብ መንጋ ይመስላሉ። የሚለዩበት ምልክት ቀላል ነው፤ ሳቢሳ ሲበር አንገቱን ወደ ትከሻው ሰብስቦ፣ እግሮቹን ከጅራቱ አሳልፎ ወደ ኋላ ዘርግቶ ነው፤ የርግብ እግር ግን በበረራ ጊዜ ከላባዋ ሥር ተሸሽጎ አይታይም።

በዋርካው ላይ የሚያዩዋት አረንጓዴ ርግብ ደግሞ በእርግጥ የነጯ ዘመድ ናት፤ ዘመድነታቸው ግን የእኅት ሳይሆን የሩቅ ዘመድ ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ትሬሮን ዋሊያ ይባላል። ይህን ስም የሚሰማ ሰው ሁሉ የሰሜኑን የተራራ ፍየል አስቦ ግር ይለዋል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ በጣም አስገርሞኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ግሽ ዓባይ በደረሰበት ጉዞው ካያቸው ወፎች መካከል ይህችን ርግብ «ዋሊያ» ብሎ መዘገባት፤ ቃሉም በ1793 ከነድምፁ የሳይንስ መጠሪያዋ ሆኖ ቀረ። ስሙን ከየትም አላመጣውም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2፣ ሕፃኑን ወደ ቤተ መቅደስ ባገቡት ጊዜ ሊቀርብ ስለሚገባው መሥዋዕት በሚነበበው ክፍል፣ በአማርኛው ንባብ ከርግብ ጫጩቶች ጋር አብሮ የተጠራው ዋሊያ ፍየል አይደለም፤ ወፍ ነው። ከእኛ አፍ የወጣ ስም በዓለም የወፍ መዝገብ ላይ ከ200 ዓመት በላይ ተቀምጦ እኛ መርሳታችን ያሳዝነኛል፤ እርስዎ ለእንግዶችዎ ወፏን ሲያሳዩ ስሟንም ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

ይህችን ወፍ ለማየት ከቤት ማልዶ መውጣት ያስፈልጋል። በሐይቁ ዳር ካሉት ዋርካዎች አንዱ ፍሬው የበሰለ ጊዜ ከሥሩ ቢቆሙ መጀመሪያ የሚሰሙት ወፍ አይደለም፤ ጠብ፣ ጠብ እያለ በደረቅ ቅጠል ላይ የሚወድቅ ፍሬ ነው። ቀና ብለው ቢያዩ ቅጠል እንጂ ሌላ አይታይዎትም። ትንሽ ከታገሡ ከቅጠሎቹ አንዱ ይንቀሳቀሳል፤ ያን ጊዜ ነው ርግቧ የምትገለጠው። ጀርባዋ የወይራ ቅጠል መልክ አለው፣ ራሷና ደረቷ ግራጫማ አረንጓዴ ነው፤ ከደረቷ በታች በመቀስ እንደ ተቆረጠ በአንድ መሥመር ላይ ግራጫው ያበቃና የአደይ አበባ የመሰለ ብጫ ሆድ ይጀምራል፤ በትከሻዋ ላይ ደግሞ ሐምራዊ ነቁጥ አለ። ቅርንጫፉን በእግሯ ጨብጣ፣ አንዳንዴም ቁልቁል ተዘቅዝቃ፣ እስከ ቀጭኑ ጫፍ ድረስ እየተንጠላጠለች ትሄዳለች። አንድ ጮክ ያለ ድምፅ ከተሰማ ግን አምስት ናቸው ብለው ያሰቧቸው ሠላሳ ሆነው ክንፋቸውን እያጨበጨቡ በአንድ ጊዜ ከዛፉ ይወጣሉ።

እንግዲህ ሁለቱም ፍሬ በሊታ ናቸው። ሆኖም ፍሬ የሚበላ ወፍ ሁሉ ዘር ይዘራል ማለት አይደለም፤ የጥያቄዎ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዶሮ ሲበለት ያየ ሰው፣ ከሆድ ዕቃዋ መካከል አንድ ጠንካራ፣ እንደ ጡንቻ የጠበቀ፣ ሲሰነጠቅ በውስጡ ጠጠርና የተፈጨ እህል የሚገኝበትን ክፍል ያውቀዋል። ወፍ ጥርስ ስለሌላት የምትፈጨው በዚህ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ «ፈጪው ሆድ» ብዬ እጠራዋለሁ። የወፏን ሥራ የሚወስነው ይህ ፈጪ ሆድ ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚለው ነው። የነጯ ርግብ ፈጪ ሆድ ስስ ግድግዳ ያለው፣ የማይፈጭ ሆድ ነው፤ አንጀቷም አጭርና ሰፊ ነው። የምትፈልገው በዘሩ ዙሪያ ያለውን ሥጋ ብቻ ስለሆነ፣ ሥጋውን ልጣ ትወስድና ዘሩን ምንም ሳትነካው ትጥለዋለች፤ ትልልቁን ዘር በአፏ መልሳ ትተፋዋለች፣ ትንንሹ ደግሞ ከኩሷ ጋር ይወጣል። የምንቃሯ ሥር እንደ ልብ የሚለጠጥ በመሆኑ ራሷ ከሚገመተው በላይ ትልቅ ፍሬ ትውጣለች፤ እርስዎን በምስሉ ላይ ያስደነቀዎትም ይህ ነው።

የአረንጓዴ ርግቦች ወገን ግን ከዚህ ይለያል። በእስያ የሚኖሩት የዚህ ወገን ዝርያዎች ሲመረመሩ ፈጪው ሆዳቸው ጠንካራ፣ በውስጡም ጠጠር የሚይዝ፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጠውን የሾላ ዘር የሚሰባብር ሆኖ ተገኝቷል። ለእነርሱ የሾላው ሥጋ ብቻ ሳይሆን ዘሩም ምግብ ነው ማለት ነው። ዋርካም የሾላ ወገን ነው፤ የጣናዋ ዋሊያም የአረንጓዴ ርግቦቹ ወገን ስለሆነች፣ ከምትበላው የዋርካ ዘር አብዛኛውን ፈጭታ ታስቀረዋለች የሚል ግምት አለኝ። ይህን በመጻፌ ወፏን እየወቀስኩ አይደለም፤ ዋርካ በአንድ ዛፍ ላይ የሚያፈራው ዘር እጅግ ብዙ በመሆኑ የርግብን ድርሻ ሰጥቶም ይተርፈዋል። ነገር ግን «ፍሬ በሊታ ርግብ ካለን ደናችን ይተከላል» የሚለው ሐሳብ በየትኛዋ ርግብ እንደ ተነገረ ካልታወቀ ያሳስታል።

ነጯ ርግብና ዘመዶቿ ምን ያህል ዘር አድራሽ እንደሆኑ ለማየት የገውዝን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። መከለሻ ውስጥ የምንጨምራት ገውዝ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም ዘር ናት፤ ፍሬው በስሎ ሲከፈት ዘሯ በደማቅ ቀይ፣ እንደ መረብ በተሠራ ሥጋማ ሽፋን ተጠቅልላ ትታያለች። ርግቦቹ የሚፈልጉት ያንን ቀይ ሽፋን ነው፤ በዚህም ምክንያት በሰፊው የገውዝ ርግቦች ይባላሉ። የደች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1621 የባንዳ ደሴቶችን በኃይል ከያዘ በኋላ የገውዝን ንግድ ለብቻው ለማድረግ ሲል ከእርሱ ይዞታ ውጭ የሚገኙ ዛፎች እንዲነቀሉ ያደርግ፣ ለሽያጭ የሚወጣውንም ዘር እንዳይበቅል በኖራ ይነክር ነበር። ርግቦቹ ግን ለኩባንያው ድንበር አልተገዙም፤ ዘሩን በሆዳቸው ይዘው ባሕር ተሻግረው በሌሎች ደሴቶች ላይ ይጥሉት ስለነበር የሰዎቹ ነቀላ ማለቂያ አልነበረውም። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ዋላስም በ1857 ባንዳ ላይ በደረሰ ጊዜ ከገውዝ ዛፎቹ መካከል የሚሰማው የእነዚህ ትልልቅ ርግቦች ጎርናና ድምፅ ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር አለ። በጃቫና በሱማትራ መካከል ያለው የክራካታው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1883 ሲፈነዳ ከደሴቱ የተረፈው ክፍል በሙሉ በትኩስ አመድ ተቀብሮ ነበር። ያ ባዶ አመድ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ደን ለብሷል፤ በመጀመሪያ ከደረሱት ዛፎች መካከልም የሾላ ዘመዶች ይገኙበታል። የሾላ ዘር በነፋስ አይሄድም፤ በአርባ ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ላይ አሻግረው ያደረሱት ፍሬ በሊታ ርግቦች፣ ሌሎች ወፎችና የሌሊት ወፎች ናቸው።

ታዲያ እንዲህ ዓይነቷን ወፍ ለምን ጣና ላይ አናመጣም? መልሴ አይሆንም ነው፤ ምክንያቱንም ከወፏ አኗኗር ጀምሬ ላስረዳ። ይህች ርግብ በአንድ ቦታ የምትኖር ወፍ አይደለችም። ኑሮዋ በሚገባ የተጠናው በአውስትራሊያዋ እኅት ዝርያ ላይ ነው፤ በፈረንጆቹ ነሐሴና መስከረም ገደማ ከኒው ጊኒ ተነሥታ ወደ ኩዊንስላንድ ጠረፍ ትመጣለች፣ በትናንሽ ደሴቶች ላይ በጥቂት ጭራሮ የተሠራ፣ ከሥሩ ሰማይ የሚያሳይ ጎጆ ሠርታ አንድ እንቁላል ብቻ ትጥላለች። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ለአራት ሳምንት ያህል ይታቀፉታል፤ ጫጩቱንም ሁለቱም በጉሮሯቸው ከረጢት ውስጥ በሚያመነጩት ወተት መሰል ምግብ ያሳድጉታል። በደሴቱ ላይ ከአዳኝ እንስሳ ጥበቃ እንጂ በቂ ፍሬ የለም። ስለዚህ በየቀኑ ባሕሩን አቋርጠው በዋናው ምድር ያለው ደን ውስጥ ፍሬ ሲለቅሙ ይውላሉ፣ አመሻሽ ላይም በመንጋ በመንጋ ይመለሳሉ። እንግዲህ ለዚህች ወፍ ደሴቱ መኝታ ቤቷ ሲሆን፣ ጓዳዋ ያለው ከባሕሩ ማዶ ነው።

ይህ አኗኗሯ አንድ ጊዜ ለጥፋት ዳርጓት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሰዎች በዚያው በኩዊንስላንድ ጠረፍ ባሉት በብሩክ ደሴቶች ዙሪያ በጀልባ እየጠበቁ፣ ምግብ ይዘው የሚመለሱትን ወላጆች በጥይት ይጥሏቸው ነበር፤ አንድ ወላጅ በወደቀ ቁጥር በጎጆው የቀረው ጫጩት በረኀብ ይሞታል። አርተርና ማርጋሬት ቶርስቦርን የተባሉ ባልና ሚስት ግን በዚያው ዘመን ጀምረው በደሴቲቱ ዳር ተቀምጠው አመሻሽ ላይ የሚገቡትን ርግቦች አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ቆጠራቸውንም ለባለ ሥልጣናት አቅርበው ተኩሱ እንዲቆም ታገሉ። ወፎቹ ጥበቃ ሲያገኙ ከጥቂት ሺሕ ተነሥተው ወደ አሥርት ሺሖች ተመለሱ። ለእርስዎ ይህን በዝርዝር የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። በየማታው በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ በጀልባ የሚያልፍ ሰው ለወፍ ጥናት ያለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው፤ የሚያስፈልገውም ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው።

ወደ ጣና ስመለስ፣ ሐይቃችን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ነው። የነጯ ርግብ አካል የተሠራው ለሞቃት የባሕር ጠረፍ፣ ምግቧም ዓመቱን ሙሉ ለሚያፈራ የቆላ ዝናባማ ደን ነው። በዙሪያችን ያለው ምድር ግን አብዛኛው እርሻ ነው፤ ደሴቶቹን መኝታ ብናደርግላት እንኳ ጓዳ የለንላትም። ቢሳካላት ደግሞ ይብስ ነበር፤ ከሌላ ዓለም የመጣ ወፍ ከእኛዎቹ ጋር በፍሬ ይሻማል፣ በሽታም ሊያመጣ ይችላል፣ የባዕድ ተክልንም ዘር ያለ ልዩነት ይበትናል። ጣናና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው በራሱ ፍጥረት ነው።

ደግሞም ዘሪዎች አሉን። ዘጌ ልሳነ ምድር ላይ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው መንገድ፣ ቡናውን በሚያጠሉት ዛፎች መካከል ሲሄዱ፣ በምንቃሩ ላይ ትልቅ ቆብ የተሸከመውንና ሲበር ክንፉ እንደ ወንፊት የሚያሽካካውን ጥቁርና ነጭ ወፍ ሳያዩት አልቀሩም። እርሱ ትልልቅ ፍሬዎችን ይውጣል፣ ዘራቸውን ግን አይፈጭም፤ እንደ ነጯ ርግብ መልሶ ይተፋቸዋል። ክንፏን ስትዘረጋ ቀይ የምትገልጠው ሶሪትም፣ ማታ የሚወጡት ፍሬ በሊታ የሌሊት ወፎችም ሥራቸው ይኸው ነው። ዶቅማውን፣ እሸውን፣ ዋንዛውን የሚያዛውሩት እንደ እነዚህ ያሉት ናቸው። እነርሱ ግን የሚዘሩት ካረፉበት ዛፍ ሥር ነው። በደሴቱና በማዶው መካከል የሚያርፉባቸው ዛፎች በተቆረጡ መጠን ዘሩ ከደኑ አይወጣም። ስለዚህ በገዳማቱ ግዝት የተጠበቁትን ደኖች ለማስፋት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ሊያድነው የሚገባው በእርሻ መካከል ብቻውን የቀረውን ዋርካ ነው። የዋርካና የሾላ ወገን አንዱ ዛፍ ሲያፈራ ሌላው ገና ያቆጠቁጣል፤ በመሆኑም ሌላው ፍሬ ባለቀበት ወር ወፎቹን በሕይወት የሚያቆያቸው እርሱ ነው።

ስለ ዋሊያ የሰጠሁትን ግምት ግን እንዲሁ በቃሌ እንዲቀበሉኝ አልሻም፤ በራስዎ እጅ ሊፈትኑት ይችላሉ። ርግቦቹ በልተው ከጠገቡ በኋላ ለማረፍ የሚሰፍሩበትን፣ ራሱ የሾላ ወገን ያልሆነ ሌላ ዛፍ ይፈልጉ፤ በሚበሉበት ዋርካ ሥር ቢሰበስቡ ከፍሬው በቀጥታ የረገፈው ዘር ይቀላቀልብዎታል። ከዛፉ ሥር ንጹሕ ሸራ አንጥፈው ጠዋት ኩሱን ይሰብስቡ፣ በጓንት እየያዙ በሻይ ማጥለያ ላይ በውኃ ይጠቡት። በማጥለያው የቀረውን በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው በአጉሊ መነጽር ይዩት፤ የሚያገኙት ድፍን ዘር ነው ወይስ ስባሪ ቅርፊት? ድፍኖቹን በውኃ ውስጥ ጨምረው የሚንሳፈፉትን ያስወግዱ፣ የሰመጡትን ቆጥረው በረጠበ ለስላሳ ወረቀት ላይ በሳህን ያስቀምጡ። በሌላ ሳህን ደግሞ ከበሰለ የዋርካ ፍሬ በቀጥታ ያወጡትንና ውኃ ውስጥ የሰመጠውን ያንኑ ያህል ዘር ያኑሩ። የሾላ ዘር ያለ ብርሃን ስለማይነቃ ሁለቱንም በግልጽ ፕላስቲክ ሸፍነው፣ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው መስኮት አጠገብ ያቆዩአቸው፤ ወረቀቱ እንዳይደርቅ በየማለዳው ውኃ ይርጩበት፣ እስከ አንድ ወር ተኩልም ይታገሡ። በየሳህኑ ላይ ቀኑንና ዛፉ ያለበትን ቦታ መጻፍዎን አይርሱ፤ ቁጥሩን ቢልኩልኝ ከጥያቄዎ ጋር አያይዤ አስቀምጠዋለሁ።